ሰጥተሻል፣ ስም ግን የለውም፦ ስለ መባ ፖስታና ስለ ሲኖዶስ ጉባኤ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ሚኒሶታ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያደግኩት መካነ ኢየሱስ ነው። እዚህ ሰፈሬ ያለ የአሜሪካኖች ሉተራን ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኛለሁ፣ ኢ.ኤል.ሲ.ኤ. የሚባለው። መባ ሳልሰጥ የቀረሁበት እሁድ የለም። ጥር ላይ በዓመታዊው ስብሰባ ለበጀቱ እጄን ሳወጣ አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ ‹ድምፅ ከሚሰጡት ዝርዝር ውስጥ ስምሽ የለም፣ የተመዘገበ መዋጮ የለሽም› አለችኝ። ሰው ፊት አፈርኩ። በወሩ ደግሞ ቄሷ ጠርታ ‹በግንቦቱ የሲኖዶስ ጉባኤ እንድትወክይን እንፈልጋለን› አለችኝ። ድምፅ የለሽም የተባለች ሰው እንዴት ተወካይ ትሆናለች? ጉባኤውስ ምን ይሠራል? እንግሊዝኛዬ እንደሆነ ገና ነው። ደግሞ አሥራቴን ላደግኩበት አጥቢያ አገር ቤት ነው የምልከው፣ እሱ አይቆጠርም ወይ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ስላፈርሽበት ነገር። እኔም አፍሬበታለሁ። አዲስ በመጣሁ ጊዜ ሃያ ዶላሬን አራት ቦታ አጥፌ፣ ሳህኑ ሲደርስ በጣቶቼ መሃል ሸጉጬ ነበር የምጥላት። እናቴ ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» ነው ቃሉ። ዓመቱ አልቆ ለሰው ሁሉ የመባ ደረሰኝ በፖስታ ሲላክ ለኔ ምንም አልመጣም። ከዚያ ነው ነገሩ ገርሞኝ ከገንዘብ ቆጣሪዎቹ ጋር የተቀላቀልኩት። ስምንት ዓመት ቆጠርኩ፣ ሁለት ዙር በሽማግሌነት ተመረጥኩ፣ ሲኖዶስ ጉባኤም አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ስለዚህ የምነግርሽን ከውስጥ ሆኜ ያየሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ሰጥተሻል። የሰጠሽው ግን ስም የለውም።

የኢ.ኤል.ሲ.ኤ. አጥቢያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መሠረት ያለው መተዳደሪያ ደንብ አላቸው። ደንቡ አባላትን ይከፋፍላል። የተጠመቀ አባል አለ። እምነቱን በጉባኤ ፊት ያረጋገጠ አባል አለ፣ ኮንፈርሜሽን የሚሉት። እምነታቸውን ካረጋገጡት ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው ሁለት ነገር ያሟላ ነው፦ በያዝነው ዓመት ወይም ባለፈው ዓመት ውስጥ በዚያ አጥቢያ ቅዱስ ቁርባን የተቀበለ፣ እና በዚያው ጊዜ ለዚያው አጥቢያ «የተመዘገበ» ስጦታ የሰጠ። መጠኑ አልተጻፈም። አምስት ዶላርም ይሁን አምስት ሺህ፣ ለድምፁ አንድ ነው። የተጻፈው «የተመዘገበ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፣ አንቺንም የጣለሽ እሱ ነው።

መጀመሪያ ስሰማው ከነከነኝ። ድምፅ በገንዘብ ይገዛል እንዴ ብዬ ተከራክሬያለሁ። በኋላ የገባኝ እድርን ሳስብ ነው። አገር ቤት ለእድሩ ዳኛ መንገድ ላይ ብር ብታቀብዪውና ስምሽ መዝገቡ ላይ ባይሰፍር፣ ሐዘን የደረሰ ቀን ድንኳኑም ወንበሩም ቤትሽ አይመጣም። ማንም ሰው ደግሞ እድር ነፍስን በብር ይገዛል አይልም። መዝገቡ የሚለው «ይቺ ሰው ከኛ ጋር ናት፣ ሸክሙን ትሸከማለች፣ ስለዚህ ስለ ሸክሙ ትናገራለች» ነው። እዚህም ያው ነው።

ደግሞ የአሜሪካ ቢሮክራሲ ብቻ እንዳይመስልሽ። 1523 ላይ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጀርመን፣ ሳክሶኒ ውስጥ ላይስኒግ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ምዕመናኑ የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብ ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ ሊያደርጉ ወሰኑና ማርቲን ሉተርን አማከሩት። እሱም ደገፋቸው። ሣጥኑ አራት ቁልፍ ነበረው። አንዱ ባላባቶቹ ጋር፣ አንዱ የከተማው ምክር ቤት ጋር፣ አንዱ የከተማው ነዋሪ ጋር፣ አንዱ ገበሬዎቹ ጋር። አራቱም ካልመጡ አይከፈትም። በየዓመቱ አሥር ሰው ይመረጣል፣ እሁድ እሁድ ይሰበሰባሉ፣ ገቢና ወጪውን በመዝገብ ይጽፋሉ። ከዚያ ሣጥን ቄሱም ይከፈላል፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሽማግሌና ወላጅ አልባ ልጅም ይረዳል። ገበሬው ቁልፍ መያዙን ልብ በይልኝ። በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። የናንተ አጥቢያ ጥር ላይ ያደረገው ስብሰባ የዚያ ሣጥን የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ለጸሐፊዋ ደውይና «የመባ ፖስታ ቁጥር ይሰጠኝ» በይ። በስልክ መስጠትም ይቻላል፣ ብዙ አጥቢያ ድረ ገጹ ላይ መስጫ አለው። ቁጥሩ ከስምሽ ጋር ይያያዛል። ፖስታው ውስጥ የፈለግሽውን ከተሽ፣ መጠኑን ከላይ ጽፈሽ፣ ሳህኑ ላይ ታደርጊያለሽ። ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ አንዱ መሥፈርት ተሟላ። ሁለተኛው ቁርባኑ ነው። እሱን ትቀበያለሽ ብዬ ነው የማስበው። ግን ወንበር ለወንበር የሚዞር ቀይ መዝገብ አለ አይደል? አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ «ለእንግዳ ነው» እያለ ያሳልፈዋል። ፈርሚበት። አንዳንድ አጥቢያ ማን እንደመጣና ማን እንደቆረበ የሚያውቀው ከሱ ነው። ሦስተኛ፣ የተቀበሉሽ በምን እንደሆነ ጠይቂ። መካነ ኢየሱስ ተምረሽ እምነትሽን አረጋግጠሽ ከሆነ ያንን ንገሪያቸው፣ «የተጠመቀ» በሚለው ብቻ ጽፈውሽ እንዳይሆን።

ማን ስንት እንደሰጠሁ ያያል የሚለው ጭንቀት እንዳለብሽ ይሰማኛል፣ ስላለፍኩበት። ስንቆጥር ሁሌም ሁለት ሰው ነን፣ የአንድ ቤት ሰዎች አንሆንም። ባልና ሚስት አብረው አይቆጥሩም። ቆጥረን፣ ፈርመን፣ ባንክ እናስገባለን። ስምና መጠኑን የሚመዘግበው አንድ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ቼክ የሚፈርመው ገንዘብ ያዥ እንዲሆን አይፈቀድም፣ ቢያንስ በኛ አጥቢያ። የኛ ቄስ ማን ስንት እንደሚሰጥ አያውቅም ነበር፣ ማወቅም አልፈለገም። አንዳንድ ቄሶች ያያሉ። ካስጨነቀሽ ጠይቂ፣ ነውር አይደለም።

እዚህ ላይ ስለራሳችን አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። እኛ ሐበሾች የእሁዷን አምስት ዶላር እንደ ምስጢር እንሸሽጋለን። ሕንፃ ማሠሪያ ሲሆን ግን ማይክ ይወጣል፣ «እገሌና ቤተሰቡ አምስት ሺህ ዶላር!» ይባላል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ያልተጠራው ሰውዬ ወንበሩ ውስጥ ይሰምጣል። እነሱ ደግሞ ትንሿን በስም ይመዘግቡና ትልቋን ዝም ይላሉ። የቱ ከወንጌሉ ቃል ጋር እንደሚቀርብ አንቺ ፍረጂ። እኔ ፈርጃለሁ፣ ግን አጎቶቼ ስለሚያነቡት አልጽፈውም።

መስከረም ጥቅምት ላይ ደግሞ የቃል መግቢያ ካርድ ይመጣል። በሚመጣው ዓመት በሳምንት ወይም በወር ስንት ለመስጠት እንዳሰብሽ የምትሞዪበት ነው። ዕዳ አይደለም፣ የሚከስሽ የለም። ሥራ ብትለቂ አንድ ስልክ ደውለሽ ትቀንሺዋለሽ። ካውንስሉ፣ ማለትም የአጥቢያው ሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ካርዶቹን ደምሮ ነው የበጀቱን ረቂቅ የሚሠራው፣ ማሞቂያውን፣ የቄሷን ደመወዝ፣ የበረዶ መጥረጊያውን። የሚኒሶታን ክረምት ስለምታውቂው ማሞቂያው ስንት እንደሚበላ አልነግርሽም።

አሥራቱ ጋ ስንመጣ። መካነ ኢየሱስ አሥራት በደንብ ያስተምራል፣ እዚህ ግን ስብከቱ ላይ እምብዛም አትሰሚም። ሉተር ራሱ አሥራትን የሙሴ ሕግ ነው፣ ለእስራኤል የተሰጠ ነው፣ ክርስቲያንን አያስርም፣ ግን መልካም ምሳሌ ነው ይል ነበር። ስለዚህ ማንም አሥር ከመቶ ካልሰጠሽ አይልሽም። ላደግሽበት አጥቢያ የምትልኪውን እኔ አቁሚ አልልም፣ እኔም እልካለሁ። ግን የዚህኛው ደንብ የሚለው «ለዚህ አጥቢያ የተሰጠ» ነው፣ ስለዚህ አይቆጠርልሽም። ከፋፍይው። ትልቁን ወደዚያ፣ ትንሿን እዚህ በስምሽ።

ግብርም ላይ እንደዚያው ነው። በቀጥታ ወደ አገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ወይም ለታመመ ዘመድ የላክሽው ከአሜሪካ የገቢ ግብር አይቀነስም። ለአሜሪካው አጥቢያ የሰጠሽው ግን ማስረጃ ካለሽ ሊቀነስ ይችላል። ስም የሌለው ጥሬ ገንዘብ ማስረጃ የለውም፣ እዚያም ዜሮ ነው። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጠሽ ከቤተ ክርስቲያኑ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልግሻል። ድሮ ዝርዝር ተቀናሽ የማያቀርብ፣ ማለትም ወጪውን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ከግብር የማያስቀንስ ሰው፣ አብዛኛውን ዓመት ከመባው ምንም አያገኝም ነበር፣ አብዛኞቻችን እንደዚያ ነን። ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ ግን ላላገባ እስከ 1,000 ዶላር፣ አብረው ለሚያቀርቡ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር ሳይዘረዝሩም መቀነስ ይፈቀዳል። ለግብር ብለሽ አትስጪ፣ ከሰጠሽ ግን ደረሰኙን አትጣይው።

ሳህኑ ብቻ አይደለም መስጫው። አንዳንድ እሁድ ልጆች ባዶ ቆርቆሮ ይዘው ሲሮጡ አይተሽ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ ኪሱን እያራገፈ ሳንቲም ይጥልባቸዋል፣ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። ያ ብዙ ጊዜ ለሰፈሩ ፉድ ሼልፍ፣ ለችግረኛ ምግብ ለሚታደልበት ቤት፣ ወይም ለኢ.ኤል.ሲ.ኤ. የረሃብ ፈንድ ነው። የረሃብ ፈንዱ ሥሩ 1974 ላይ ነው፣ የወሎው ረሃብ በተሰማ ማግስት፣ ኋላ ኢ.ኤል.ሲ.ኤ.ን የመሠረቱት ቤተ ክርስቲያኖች ገና ሳይዋሃዱ። በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅም እህል ይዘው ከደረሱት ውስጥ ሉተራኖች ነበሩ፣ ከመካነ ኢየሱስና ከካቶሊኮቹ ጋር ሆነው ነው የሠሩት። ይሄን ሳውቅ ቆርቆሮው ውስጥ የምጥላት ሳንቲም ድምፅ ተቀየረብኝ።

ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ምድር ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ የሚሰፉ አሮጊቶች አሉ። እነሱን ሳትተዋወቂ እንዳትቀሪ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ነው የሚሠሩት፣ መጠኑ 60 በ80 ኢንች ገደማ ነው። ሉተራን ወርልድ ሪሊፍ የሚባለው ድርጅት፣ 1945 ላይ በጦርነት ለተጎዳችው አውሮፓ ሲባል የተቋቋመው፣ ወስዶ ችግር ወዳለበት አገር ይልከዋል። ከመላኩ በፊት አንድ እሁድ ብርድ ልብሶቹ ሁሉ ወንበሮቹ ላይ ተዘርግተው ይባረካሉ። ቤቱ የገና ገበያ ይመስላል። መርፌ መያዝ ባትችዪም ክር ማሰር ትችያለሽ። እኔ ያወቅኩት እንግሊዝኛ ግማሹ የመጣው ከነሱ ነው፣ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት፣ ደጋግመው ቢጠየቁም አይሰለቹም። ቡናቸው ግን ከበረካ ይቀጥናል፣ ቻይው። በዐቢይ ጾም ረቡዕ ማታ የሚያቀርቡትም ሾርባ ዶሮ አለበት፣ የምትጾም ኦርቶዶክስ ጓደኛሽን ጋብዘሽ እንዳታሳፍሪያት፣ እኔ ሠርቼዋለሁ።

አሁን ወደ ሲኖዶሱ። አገር ቤት እንደምታውቂው ማኅበረ ምዕመናን አለ፣ ሰበካ አለ፣ ሲኖዶስ አለ፣ ከላይ በየአራት ዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። እዚህም ቅርጹ ይመሳሰላል። ኢ.ኤል.ሲ.ኤ. ሦስት ቤተ ክርስቲያኖች ተዋህደው 1988 ላይ ሥራ የጀመረ ነው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቺካጎ ነው፣ ከስልሳ በላይ ሲኖዶስ አለው። ሚኒሶታ ውስጥ ብቻ ስድስት ናቸው፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ጎን ለጎን ሆነው እንኳ የየራሳቸው አላቸው። እያንዳንዱ የራሱ ጳጳስ አለው፣ ለስድስት ዓመት የሚመረጥ። የሲኖዶሱ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ በጸደይ ይደረጋል፣ ሁለት ቀን ወይም ትንሽ በለጥ ያለ።

ድምፅ ከሚሰጡት ውስጥ ቢያንስ 60 ከመቶው ምዕመናን እንዲሆኑ ደንቡ ያስገድዳል። ቄሶች ብቻ ተሰብስበው የሚወስኑበት አይደለም። ከምዕመናኑ ግማሹ ሴት፣ ግማሹ ወንድ እንዲሆን ይሞከራል። ለዚህ ነው አጥቢያዎች ብዙ ጊዜ አንድ ወንድ አንድ ሴት የሚልኩት። ሌላም አለ፣ ይሄ አንቺን በቀጥታ ይነካል። ቤተ ክርስቲያኗ ከተመሠረተች ጀምሮ በጉባኤዎቿና በኮሚቴዎቿ ውስጥ ቢያንስ አሥር ከመቶው ነጭ ያልሆኑ ወይም የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ያልሆነ ሰዎች እንዲሆኑ ግብ አስቀምጣለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አፈጻጸሙ ግን እስካሁን አንካሳ ነው፣ አዳራሹን ዞር ብለሽ ስታዪ ይገባሻል። ቄሷ የጠራችሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ልብሽ አይሰበር። ግን ለፎቶ ብቻ እንዳትሄጂ፣ ስትመለሺ ሪፖርት የማቅረቢያ ጊዜ ይሰጠኝ በይ።

ድምፅ የለሽም የተባለች ሰው እንዴት ተወካይ ትሆናለች ላልሽው፣ ትክክል ነሽ፣ አትሆንም። ለሲኖዶስ የሚላክ ሰው በአጥቢያው ድምፅ ያለው አባል መሆን አለበት። ቄሷ ዝርዝሩን ሳታይ ነው የጠራችሽ ማለት ነው፣ ያጋጥማል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ በዚህ ወር በስምሽ ስጪ፣ ቁረቢ፣ ጸሐፊዋ ዝርዝሩን ታስተካክል፣ ከዚያ በአጥቢያው ደንብ መሠረት ጉባኤው ወይም ካውንስሉ ይምረጥሽ። ዓመታዊው ስብሰባ ስላለፈ ብዙ አጥቢያ ላይ ክፍት ቦታ የሚሞላው ካውንስሉ ነው። በቃል «ትሄጂያለሽ» መባል አይበቃም፣ በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? የሲኖዶሱን በጀት ታጸድቂያለሽ። አጥቢያሽ ከሰበሰበው መባ የተወሰነውን ወደ ሲኖዶስ ይልካል፣ ስንት እንደሚልክ ራሱ አጥቢያው ነው የሚወስነው። ሲኖዶሱ ደግሞ ከደረሰው ውስጥ ከፊሉን ወደ ቺካጎ ያስተላልፋል። ያ ድርሻ በበጀቱ ላይ ተጽፎ ፊትሽ ይመጣል። አየሽ፣ ያቺ አምስት ዶላር ተከትላሽ እዚያ ድረስ ትሄዳለች፣ አንቺም ተከትለሻት ትጠይቂያለሽ። በሦስት ዓመት አንዴ ለሚደረገው አገር አቀፍ ጉባኤ የሚሄዱትንም ይሄው ጉባኤ ይመርጣል። 2025 ላይ ፊኒክስ ተሰብስበው የሂል ከሪን ሊቀ ጳጳስ አድርገው መርጠዋል፣ ለቦታው የመጀመሪያው ጥቁር ነው። እነዚያን መራጮች የላኳቸው እንዳንቺ ያሉ ሰዎች ናቸው።

የጳጳስ ምርጫ ዓመት ላይ ከደረስሽ ዕድለኛ ነሽ። እኔ አንዴ ደርሶኛል። የመጀመሪያው ዙር ላይ ዕጩ የለም። ማንም አይቀሰቅስም፣ ፖስተር የለም። ባዶ መስመር ነው የሚሰጥሽ፣ የቄስ ስም ትጽፊያለሽ። በመጀመሪያው ዙር አንዱ ሦስት አራተኛውን ድምፅ ካገኘ አለቀ፣ ግን አያገኝም። ከዚያ ስማቸው የወጣው «አልፈልግም» ካሉ ይወጣሉ፣ የቀሩት እየተጣሩ፣ የሚፈለገውም መጠን ዝቅ እያለ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ሰው ይቀርና አብላጫ ያገኘው ይሆናል። በየመሃሉ ይዘመራል፣ ይጸለያል። ፖለቲካ የለበትም ብዬ አልዋሽሽም፣ ቡና ላይ ይንሾካሾካሉ። ግን የኛን የኮሚኒቲ ምርጫ ላየ ሰው ዕረፍት ነው።

ውይይቱ ላይ ሥርዓት አለ። የሚደግፍ በአንዱ ማይክ፣ የሚቃወም በሌላው ይሰለፋል፣ እየተፈራረቁ ይናገራሉ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ድምፅ በባለ ቀለም ካርድ ወይም በትንሽ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ አንዱ ሰውዬ «የማሻሻያው ማሻሻያ» አለ፣ ሌላው ውይይቱ ይቁም አለ፣ ካርዴን ሁሉም ሲያነሱ አነሳሁ፣ ሁሉም ሲያወርዱ አወረድኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳነብ የደገፍኩት የምቃወመውን ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ካልገባኝ ተነስቼ «አሁን አዎ ካልኩ ምን ማለቴ ነው?» እላለሁ። ሰብሳቢው ያብራራል፣ ዙሪያዬ ያሉ ፈረንጆችም እፎይ ይላሉ፣ እነሱም አልገባቸውም ነበር። ወረቀቶቹ አስቀድመው ይላካሉ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ዘመድ ጋር ቁጭ ብለሽ እያቋረጥሽ አንብቢያቸው። አስተርጓሚ ከፈለግሽ ስትመዘገቢ ጻፊ፣ በዕለቱ ብትጠይቂ አይደርስም። የመመዝገቢያውን ገንዘብ ብዙ አጥቢያ ይከፍላል፣ ሩቅ ከሆነ ሆቴሉንም፣ ግን ከመሄድሽ በፊት ጠይቂ፣ ደረሰኝም ያዢ።

መካነ ኢየሱስ ነኝ ስትዪ ሰዎች ከበብ ያደርጉሻል። በተለይ ሴንት ፖል አካባቢ ቄስ ጉዲና ቱምሳን የሚያውቁ አሉ፣ እዚያው ሉተር ሴሚናሪ ነው የተማረው፣ 1966 ላይ ጨርሶ ተመልሶ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆነ። 1979 ላይ ደርግ አፍኖ ገደለው። እሱ ባለበት ጊዜ፣ 1972 ላይ፣ መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ ነበር። ነገሩ ባጭሩ፣ እናንተ ገንዘብ ሰጪዎች ለልማት ትሰጣላችሁ፣ ለወንጌልና ለአገልጋይ ማሠልጠኛ እጃችሁ ይሰበሰባል፣ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ ለሁለት ቆርጣችሁታል፣ የሚያስፈልገንን እኛንም ጠይቁን የሚል ነው። ተቀባይ የሆነች ቤተ ክርስቲያን ለሰጪዎቿ እንደዚያ ስትጽፍ! አንቺ አሁን ሰጪዎቹ መሃል የተቀመጥሽ ልጇ ነሽ። በጀቱ ላይ ለውጭ አገር ቤተ ክርስቲያኖች የተመደበ መስመር ስታዪ ያንን ደብዳቤ አስቢ፣ ተነስተሽም ጠይቂ።

አንድ ደስ የማይል ነገር ሳልነግርሽ ባልፍ ግን ዋሸሁሽ። መካነ ኢየሱስ 2013 ላይ ከኢ.ኤል.ሲ.ኤ. እና ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር ያላትን ኅብረት አቋርጣለች፣ በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻና ግንኙነት ጉዳይ። እዚህ አሜሪካ ያሉ የእኛ አጥቢያዎችም በዚያ ምክንያት ተበታትነዋል፣ ከኢ.ኤል.ሲ.ኤ. ጋር የቀሩ አሉ፣ ወደ ሌሎች ሉተራኖች የሄዱ አሉ። አንቺ አባል ስትሆኚ ይሄን ታውቂ እንደነበር አልጻፍሽም። ጉባኤው ላይ በዚህ ዙሪያ የውሳኔ ሐሳብ ሊመጣ ይችላል፣ ካርድ ይዘሽ ቁጭ ብለሽ መጀመሪያ እዚያ ብትሰሚው ከባድ ነው። ቄሷን በግልጽ ጠይቂያት፣ አገር ቤት ያሳደጉሽን ቄስም ደውለሽ አናግሪ። ኅሊናሽ የሚልሽን እኔ በዚህ ጽሑፍ አልወስንልሽም። አልሄድም ብትዪም የአጥቢያው ድምፅሽ አይቀርብሽም፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

የሲኖዶሱ ምዝገባ ቀነ ገደብ አለው፣ ብዙ ጊዜ ከጉባኤው ሳምንታት ቀድሞ ይዘጋል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ ጋ ደውይ፣ ፖስታ ቁጥርሽን ውሰጂ፣ ስምሽ እንዴት እንደተጻፈም ሆሄ በሆሄ አስነብቢያት። የኔን ስም ሁለት ዓመት ሙሉ የአባቴን ስም አስቀድመው ጽፈውት፣ መባዬ ሌላ ሰው ላይ ሲመዘገብ ነበር።